ፒተር ዩስቲኖቭ የቴዎድሮስ ዘር አይደለም፤ የመድፍ ሠሪው ዘር ነው

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ሁለት ኦስካር የወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ የልጅ ልጅ» ይላል። እኔ ጋ በሦስት ሰው በኩል ደርሶኛል። ሦስተኛዋ ላኪ አክስቴ ናት፤ «ይኸው፣ ፊልም ፊልም ስትል የኛው ልጅ ሆኖ ተገኘ!» የሚል ድምፅ አስከትላ።

ለአክስቴ በስልክ መልሻለሁ። ለጸሐፊው ግን በጽሑፍ መመለሱ ይሻላል። ምክንያቱም የጻፉት ከአየር ላይ የተዘገነ አይደለም፤ እውነት አጠገብ ደርሶ ነው የሳተው። በ1921 ለንደን ተወልዶ በ2004 ስዊዘርላንድ ውስጥ ያረፈው ተዋናይ፣ ጸሐፊና አዘጋጅ ፒተር ዩስቲኖቭ የኢትዮጵያ ደም አለው። ይህ ሐሰት አይደለም። ሐሰቱ የገባው፣ ያ ደም በንጉሥ በኩል ካልመጣ ለወሬ አይበቃም ከሚል ስሜት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«በልዑል ዓለማየሁ በኩል የአፄ ቴዎድሮስ ዘር ነው» ይላል የመጀመሪያው ነጥባቸው።

አይደለም። ልዑል ዓለማየሁ በ1879 ሊድስ ላይ ሲሞት ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ልጅ አልተወም፤ አስከሬኑም ያረፈው ዊንዘር ነው። ጸሐፊው ሁለት የመቅደላ ታሪኮችን ነው ያምታቱት። በ1868 ከዚያ አምባ ወርዶ ባሕር የተሻገረው የዓለማየሁ ወገን ብቻ አልነበረም። ከእስር ተፈትተው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከወረዱት አውሮፓውያን ባለእጆች መካከል ሞሪትዝ ሆል የሚባል ሰው ከነሚስቱ ነበረበት።

ሆል የክራኮው፣ የፖላንዷ ከተማ ሰው ነው። አይሁዳዊ ተወልዶ ክርስትና የተነሳ። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ከሰፈሩት ሚስዮናውያን ባለእጆች ጋር ሆኖ ለንጉሡ መድፍ ይሠራ ነበር። ሴባስቶፖል የወጣው ከዚያ መንደር ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው፤ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ዋናው፣ በስንት ሰው ትከሻና ጠፍር ተጎትቶ የወጣበት መቅደላ ላይ እስከ ዛሬ ተጋድሞ አለ። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች መድፍ ሥሩ ሲባሉ አንችልም አሉ፤ ንጉሡ ግን አንችልም የሚባል መልስ አይወዱም፤ ሞከሩ፣ ከሸፈ፣ ደገሙ፣ ተሳካ።

የሆል ሚስት ካታሪና ትባላለች፤ ያገር ስሟ ወለተ ኢየሱስ። አባቷ ኤድዋርድ ዛንደር ጀርመናዊ ሠዓሊ ነው፤ በፊት የደጃች ውቤ ሰው ነበረ፣ በ1855 ደጃች ውቤ ደረስጌ ላይ ከተሸነፉ በኋላ ለቴዎድሮስ አደረ። እናቷ እሴተ ወርቅ ግን የጎንደር ቤተ መንግሥት ሴት ነበረች። ጸሐፊው ቤተ መንግሥት ካስፈለጋቸው ይኸው፣ እዚህ ጋ ትንሽ አለላቸው። ከሞሪትዝና ከወለተ ኢየሱስ የተወለደችው ልጅ ማግዳሌና ተባለች፤ የተወለደችው በዚያው በ1868 ነውና ስሟ ከየት እንደመጣ ማብራራት አያስፈልግም። ቤተሰቡ ያፋ፣ ፍልስጤም ወርዶ ተቀመጠ። ማግዳሌና እዚያ ከአገሩ ወጥቶ የሚኖር ፕላቶን ዩስቲኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ባለርስት አገባች፤ በ1892 ዮና ተወለደ፤ ዮና ደግሞ ፒተርን ወለደ።

እንግዲህ ቤት እንቁጠር። ፒተር፣ አባቱ ዮና፣ አያቱ ማግዳሌና፣ ቅድመ አያቱ ወለተ ኢየሱስ፣ የቅድመ አያቱ እናት እሴተ ወርቅ። አምስት ቤት። በሂሳብ ቢሰላ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው፤ በኛ ቆጠራ ግን ሰባት ቤት አልሞላም፤ ጎንደር ሄዶ ከእሴተ ወርቅ ዘመዶች አንዷን ላግባ ቢል ሽማግሌዎቹ «ዘመድህ ናት» ብለው ይመልሱት ነበር። ለዝምድና ይህ ይበቃል፤ ንጉሥ መጨመር ምን አስፈለገ?

የመሰለኝን ልናገር። ጸሐፊው ሞሪትዝ ሆልን የሚያውቁት ይመስለኛል፤ «በቤተ መንግሥት ያገለገለ ፈረንጅ» ብለው በግማሽ መስመር አልፈውታል። እሳት ፊት ቆሞ ብረት የሚያቀልጥ ቅድመ አያት ለርዕስ አላማራቸውም። ቀጥቃጭን ዝቅ አድርጎ ማየት የቆየ በሽታችን ነው፤ የሚያሳዝነው ግን በዚህ በሽታ ላይ የተነሡትን ንጉሥ ለዚሁ ማስታመሚያ ማድረጋቸው ነው። ቴዎድሮስ እኮ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባሉ የተሰደቡ ሰው ናቸው። ደጃዝማች ወንድይራድ ያችን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ፎክረው ዘምተው ሲማረኩ፣ የቀረበላቸው ምሳ ኮሶ ነበር። መንገድ ሲሠራ ድንጋይ የተሸከሙ፣ ባለእጅ ከመኳንንት አብልጠው ያቀረቡ ንጉሥ ስለ ሆል ቢጠየቁ፣ በግማሽ መስመር አያልፉትም ነበር።

«ኢትዮጵያዊነቱን አፍሮበት ሲደብቅ ኖረ» ለሚለው ብዙ ቀለም አላባክንም። በ1977 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ከእነዚህ አያት ቅድመ አያቶች ነው የሚነሳው። ሩሲያዊ፣ ጀርመናዊ፣ ፈረንሳዊ፣ ጣሊያናዊ እያለ ደሙን ሲዘረዝር ኢትዮጵያን ሳይጠራ አያልፍም ነበር፤ እንዲያውም ከእንግሊዝ ደም አንዲት ጠብታ የሌለው የእንግሊዝ ሰር መሆኑ ያዝናናው ነበር። የናቱ ወገኖች ቤንዋዎች ናቸው፤ አርክቴክቶች፣ ሠዓሊዎች፤ በሌዮናርዶ ዳ ቪንቺ እጅ የተሣለች እመቤታችን ማርያም በቤታቸው የነበረች፣ እስከ ዛሬም በነሱ ስም የምትጠራ። እንዲህ ያለ ዘር ቆጥሮ የማይጠግብ ሰው አንዱን መርጦ የሚደብቅበት ምክንያት የለውም።

ሦስተኛው ክሳቸው ከበድ ይላል፤ «አባቱ የናዚ ዲፕሎማት ነበር» ይላሉ።

ዮና ዩስቲኖቭ ለንደን በጀርመን ኤምባሲ የፕሬስ ኃላፊ ነበረ፤ እውነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ለጀርመን በርሯል። ሒትለር ሥልጣን ሲይዝ ግን ከበርሊን ጥያቄ መጣ፤ አይሁዳዊ አለመሆንህን አረጋግጥ ተባለ። አላረጋግጥም አለ። በ1935 ኤምባሲውን ለቆ የእንግሊዝ ዜግነት ወሰደ። ልጁ እንደሚተርከው ማስታወቂያው የወጣው በዌልስ ቋንቋ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ነው፤ ጀርመኖቹ አንብበው እንዳይደርሱበት። ከዚያ ወዲያ ለእንግሊዝ የአገር ውስጥ ስለላ፣ ለኤም አይ ፋይቭ፣ በናዚዎች ላይ ሠራ። ወዳጆቹ የሚጠሩት ክሎፕ እያሉ ነው፤ በሩሲያኛ ትኋን ማለት ነው። ለሰላይ እንዴት ያለ ስም ነው!

እስቲ ያንን የበርሊን ቅጽ አስቡት። ዮና እውነቱን ይሙላ ቢል በናቱ በኩል የሚጽፈው ሁለት ስም ነው፦ ሞሪትዝ ሆል፣ ከክራኮው፣ አይሁዳዊ የተወለደ፤ ወለተ ኢየሱስ፣ የጎንደሯ ሴት ልጅ። ሁለቱም በዚያ ቅጽ ላይ ወንጀል ናቸው። የጋፋቱ ቤት ከስልሳ ሰባት ዓመት በኋላ ለንደን ድረስ መጥቶ የአንድን ሰው እንጀራ አንቀሳቀሰ ማለት ነው። ጸሐፊው በእጃቸው የነበረውን ይህን ታሪክ ጥለው ነው ዘውድ ፍለጋ የሄዱት።

ፒተር ራሱ ለንደን ዌስትሚኒስተር ትምህርት ቤት ሳለ የናዚው አምባሳደር የሪበንትሮፕ ልጅ ተማሪ ሆኖ አጋጥሞታል። ስለዚያ ትምህርት ቤት ከሚያወራው ሁሉ እኔ የምወደው የሙዚቃውን ፈተና ነው። አንድ ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ ጥቀስ ተባለ፤ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ብሎ ጻፈ፤ የሚጠበቀው መልስ ቻይኮቭስኪ ስለነበር ስህተት ተባለበት፤ አልፎ ተርፎም እውቀትህን ልታሳይ ነው ተብሎ ተገሠጸ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ትቶ ቲያትር ትምህርት ቤት ገባ። ማንም የኛን አገር የጥያቄ ወረቀት የሞላ ሰው የዚያን ፈተና ነገር ያውቀዋል።

«በጦርነቱ መኮንን ነበር» የሚለውን በአጭሩ፦ ተራ ወታደር ነበር። መኮንኑ ተዋናዩ ዴቪድ ኒቨን ነው። ሁለቱ በ1944 ለወጣው «ዘ ዌይ አሄድ» ለተባለው ፊልም አብረው እንዲሠሩ ተፈለገ፤ ተራ ወታደርና ሌተና ኮሎኔል በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ደግሞ ክልክል ነው። መፍትሔው ዩስቲኖቭን የኒቨን የግል አገልጋይ አድርጎ መመዝገብ ሆነ። ጫማ ጠራጊ ተብሎ ተመዝግቦ ድርሰት ሲጽፍ ከረመ።

አሁን እውነተኛው ጠብ ጋ ደረስን። «ሁለቱም ኦስካሮች የረዳት ተዋናይ ናቸው፤ ወፍራምና አስቂኝ ሰው ሆኖ ከመታየት በቀር ዋናውን ቦታ አልቻለም» ይላሉ። ንጉሥ አድርገውት ሲያበቁ ወያላ አደረጉት!

በመጀመሪያ፣ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ረዳትን እንዲህ አይንቅም። ሾፌሩ መሪ ይይዛል፤ ሒሳቡን፣ መልሱን፣ ወራጁን፣ የሰፈሩን ስም፣ የተሳፋሪውን ቁጣ የሚይዘው ረዳቱ ነው። ፊልምም ላይ እንደዚያው ነው። «ስፓርታከስ»ን (1960) ያየ ሰው ከርክ ዳግላስን ለጡንቻው፣ ሎረንስ ኦሊቪየርን ለግርማው ያስታውሳል። ሽልማቱን ይዞ የወጣው ግን የግላዲያተሮች ነጋዴ ባቲያተስ ሆኖ የተጫወተው ዩስቲኖቭ ብቻ ነው። ስታንሊ ኩብሪክ ባዘጋጃቸው ፊልሞች ሁሉ በትወና ኦስካር ያገኘ ሌላ ሰው የለም። ጃክ ኒኮልሰን አላገኘም፣ ፒተር ሴለርስ አላገኘም፤ ይህ ረዳት አገኘ።

ለምን እንደሆነ አንዷን ትዕይንት እንይ። ክራሰስ፣ የሮማ ባለጸጋው፣ ከወይዛዝርቱ ጋር ሳይታሰብ ወደ ባቲያተስ ግቢ ይመጣል። ባቲያተስ ሲሰማ መላ ሰውነቱ ይደነግጣል፤ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ እሱም ከባድ ነው፣ ላቡ ይወርዳል። እየተጣደፈ ወይን አምጡ ይላል፤ ሁለተኛውን ደረጃ። ወዲያው ይጸጸታል፤ አይ፣ ምርጡን አምጡ። አንድ እርምጃ ሄዶ ደግሞ ይጸጸታል፤ በትንንሽ ብርጭቆ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ በሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ፍርሃቱ፣ ስስቱና ነጋዴነቱ ተራ በተራ ያሸንፋሉ። ዓይኑን እዩት፤ ሲያጎነብስ ዓይኑ አያጎነብስም፤ እንግዶቹ የለበሱትን ሲገምት፣ ዋጋ ሲያወጣ ነው። ሰርግ ቤት ደጃፍ ቆሞ እንግዳ እየተቀበለ በሆዱ ድግሱ ይበቃ እንደሆነ የሚቆጥር ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ ባቲያተስን ታውቁታላችሁ።

ከቻርልስ ሎውተን ጋር ያላቸው ንግግር ደግሞ አለ፤ ሁለት ወፍራሞች ቁጭ ብለው ውፍረት ሰውን አስተዋይና ደግ ያደርጋል እየተባባሉ የሚያወጉበት። ከሎውተን ጋር የሚገናኝባቸውን ትዕይንቶች እንደገና የጻፋቸው ዩስቲኖቭ ራሱ ነው። ይህንን ነው ጸሐፊው ያላዩት። ሰውነቱን ለሳቅ አላዋሰም፤ ስለ ሰውነቱ የሚነገረውን ቃል ራሱ መረጠ። መጨረሻው ላይ ይህ ሆዳም ነጋዴ ነው የስፓርታከስን ሚስትና ሕፃን በጋሪ ከሮማ የሚያወጣው፤ ጀግና ሳይሆን፣ እየፈራ። ቀረጻው ዓመት ተሻግሮ ሲጎተት ከረመ፤ ትንሿ ልጁ አባትሽ ሥራው ምንድን ነው ተብላ ስትጠየቅ «ስፓርታከስ» አለች እያለ ያወራ ነበር።

በ«ቶፕካፒ» (1964) ሁለተኛውን ኦስካር ሲወስድ የተጫወተው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ግሪክ ወደብ ላይ ቱሪስት እያታለለ የሚኖር፣ ትንሽ፣ ከፍታ የሚፈራ አጭበርባሪ፤ ዕድሉ ጎትቶ የኢስታንቡል ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ያወጣውና የሌላውን ሰው ሕይወት የተሸከመ ገመድ በእጁ ያስይዘዋል። ባቲያተስ ዓለምን በዋጋ ነው የሚያይ፤ ይኼኛው ዓለም እንዳያየው ነው የሚለምን። አንድ ሰውነት፣ አንድ ፊት፣ ሁለት ነፍስ። አስቂኝ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች በ1977 የዘፊሬሊ «የናዝሬቱ ኢየሱስ» ውስጥ ሄሮድስን ይዩት፤ ሕፃናቱ እንዲገደሉ ሲያዝዝ የሚስቅ ካለ ይንገረኝ።

ዋናውን ቦታ አልቻለም ለተባለውም፣ «ቢሊ በድ»ን (1962) ጽፎ፣ ፕሮዲውስ አድርጎ፣ አዘጋጅቶ፣ በውስጡም ካፒቴኑን ተጫውቷል። ስሙ ከፍ ያለበት ግን ወጣቱ ቴረንስ ስታምፕ ነው፤ ለኦስካር የታጨው እሱ ነው። ዋናውን ቦታ ለሌላ መስጠትና ዋናውን ቦታ መከልከል ይለያያሉ። ሦስቱን የኤሚ ሽልማት፣ የግራሚውን፣ መድረክ ላይ የቆዩ ተውኔቶቹን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለዩኒሴፍ የዞረባቸውን አገሮች ሳልዘረዝር አልፋለሁ፤ ዝርዝር የፈለገ ያገኘዋል።

«ፖይሮን፣ የአጋታ ክሪስቲን የልብ ወለድ መርማሪ አበላሸው» ይላሉ። ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ፖይሮን ከተጫወቱት እኔም ከሁሉ አስበልጬ የማየው ዴቪድ ሱሼን ነው። ግን ዩስቲኖቭ ከ1978 እስከ 1988 ስድስት ጊዜ መርማሪውን ተጫውቷል፤ በ1985ቱ ላይ ፖሊሱን ጃፕን ሆኖ አጠገቡ የቆመው ማን ይመስላችኋል? ሱሼ ራሱ! የአጋታ ክሪስቲ ልጅ «ፖይሮ እንዲህ አይመስልም» ስትለው «ከዛሬ ጀምሮ ይመስላል» አላት ይባላል።

«የኢንድራ ጋንዲን መገደል በካሜራ ቀርጾ ደብቆታል» የሚለው ግን መጻፍ ያልነበረበት ነው። ኦክቶበር 31 ቀን 1984 ጠዋት ጠቅላይ ሚኒስትሯ ከመኖሪያቸው ወደ ቢሯቸው በአትክልቱ መንገድ ሲያቀኑ፣ ዩስቲኖቭ ለአየርላንድ ቴሌቪዥን ሊያነጋግራቸው ካሜራ ተክሎ በወዲያኛው በኩል ይጠብቅ ነበር። ጠባቂዎቻቸው በመሃል መንገድ ገደሏቸው። የጠበቃቸው ወንበር ባዶ ቀረ። የቀረጸው ግድያ የለም፤ የደበቀውም።

አንድ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ እሱንም አልክድም። በ1981 ቻርሊ ቻን የተባለውን ቻይናዊ መርማሪ ፊቱን ተቀብቶ መጫወቱ ያሳፍራል። ያኔም ተቃውሞ ነበር። አምስት አገር በደሜ አለ የሚል ሰው ስድስተኛውን በቀለም መቀባት አልነበረበትም።

በመጨረሻ ፎቶው። ጽሑፉ አናት ላይ ዩስቲኖቭ ሐምራዊ ካባ ለብሶ፣ ራሱ ላይ ነገር ደፍቶ ይታያል፤ ከሥሩ «በአያቶቹ የክብር ልብስ» የሚል ተጽፎበታል። አክስቴን ያሳመናት ይኸው ፎቶ ነው። ፎቶው «ኮ ቫዲስ» (1951) ከተባለው ፊልም ነው፤ የለበሰው የሮማውን ቄሣር የኔሮን ልብስ ነው። ስቱዲዮው ኔሮን ለመጫወት ገና ልጅ ነው ብሎ ሲያመነታ፣ ዩስቲኖቭ ቴሌግራም ልኮ ነበር፤ ከዚህ በላይ ከቆያችሁ አረጅባችኋለሁ፣ ኔሮ የሞተው በሠላሳ ዓመቱ ገደማ ነው ብሎ። ወዲያው ቀጠሩት። ጸሐፊው ዘውድ ያሉትን ነገር ጠጋ ብለው ቢያዩት፣ ቅጠል ነው።